ስለ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ልባስ፤ አገፋፈፉና መልሶ አቀባቡ

ለባላገር ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

በባላገር ትምህርት ቤት ጣራ ላይ የፀሐይ ፓነል ተዘርግቶ፥ በክፍሉ ውስጥ ባትሪ ተቀምጦ፥ ማታ መብራት የሚበራበት ስፍራ ዛሬ ጥቂት አይደለም። በፓነሉና በባትሪው መካከል በግድግዳ ላይ የምትሰቀል አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ነጋዴዎች ቻርጅ ኮንትሮለር ይሏታል፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ ተቆጣጣሪ ብለን እንጠራታለን። ሥራዋ ባትሪው በጠገበ ጊዜ ከፓነሉ የሚመጣውን ኀይል መከልከል፥ ባትሪው ሊራቆት በደረሰ ጊዜ ደግሞ መብራቱን መቁረጥ ነው። እርሷ የተበላሸች እንደ ሆነ በጣራው ላይ ፀሐይ ሞልቶ ሳለ ክፍሉ ጨለማ ይሆናል፤ የማታ ተማሪም ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

ክዳኗን ፈትቶ ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። በላዩም እንደ ምስር፥ እንደ ባቄላ፥ እንደ አውራ ጣት የሚያህሉ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ተተክለዋል። ከእነርሱም አንዱ ጠቁሮ ወይም አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ይገኛል። የዚያ ዕቃ ዋጋ ከሣጥኗ ዋጋ ጋራ ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሊነቅሉት እጅ በዘረጉ ጊዜ ሰሌዳው በሞላው እንደ መስተዋት በሚያበራ ስስ ቆዳ ተሸፍኖ ይገኛል፤ የመፈተሻው ጫፍ ወደ ብረቱ አይደርስም፥ የብየዳውም ቆርቆሮ አልቀልጥም ይላል። በዚህ ጊዜ ሰዎች በሁለት ወገን ይስታሉ። አንዱ «ይህ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው ቢላዋና እሳት አንሥቶ ቆዳውን ከነሥጋው ያወጣዋል።

ይህ ትምህርት የተጻፈው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማሳየት ነው። ይኸውም የልባሱን ወገን ሳያውቁ እጅ አለማንሣት፥ ከሚያስፈልገው ስፍራ አልፎ አለመግፈፍ፥ ከጥገናውም በኋላ የተራቆተውን ስፍራ ሳያለብሱ ክዳኑን አለመዝጋት ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የሁለቱ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ልባሱ ስለ ምን እንደ ተቀባ

ሰሌዳው ከመስተዋት ክር ተሸምኖ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ጠጥቶ የደረቀ ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል። በፊቱ ላይ ስስ የመዳብ ቆዳ ይለጠፍበታል፤ ውፍረቱም በተለመደው ሰሌዳ 0.035 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከመዳቡ የማይፈለገው በሚበላ ፈሳሽ ይወገድና የቀረው እንደ መንገድ ሆኖ ኤሌክትሪኩን ከዕቃ ወደ ዕቃ ያደርሳል። በቪየና የተወለደው ፓውል አይስለር ይህን በመሰለ ሰሌዳ የሚሠራ ራዲዮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1936 ዓመት በእንግሊዝ አገር ሠራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም አሜሪካኖች ይህንኑ ጥበብ ወደ ዒላማው ሲቀርብ በራሱ በሚፈነዳ ጥይት ውስጥ ተጠቀሙበት። ከዚያ በፊት ራዲዮ ሠሪ ሽቦውን አንድ በአንድ በእጁ ይበይድ ነበር።

አንዱ የመዳብ መንገድ ከሌላው የሚርቀው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ላይ አቧራ ተቀምጦ ጤዛ ያረፈበት እንደ ሆነ፥ ብረቱ ከአንዱ መንገድ እየሟሟ ወደ ሌላው እንደ ዛፍ ሥር ይበቅላል፤ ሥሩ ማዶ በደረሰ ጊዜም ኤሌክትሪኩ በማይገባው መንገድ ይሻገራል። የሰው ጣት ላብ ጨው ስላለበት ይህን ሥር ያፋጥነዋል። የሊድ አሲድ ባትሪም ሲሞላ ጋዝ ያወጣል፥ ጋዙም ጥቂት የአሲድ ጉም ይዞ ይነሣል፤ ተቆጣጣሪዋ ከባትሪው በላይ በተሰቀለችበት ክፍል ይህ ጉም በቀጥታ ወደ እርሷ ይወጣል። ልባሱ የተቀባው እንግዲህ ጠጋኙን ለማስቸገር ሳይሆን እነዚህን ጠላቶች ለመከልከል ነው።

በአንድ የቆላ ወረዳ ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ እጀ ብልህ ወጣት የተቃጠለውን ዕቃ ለውጦ መብራቱን አበራ፤ መንደሩም መረቀው። ነገር ግን የገፈፈውን ስፍራ ሳያለብስ ክዳኑን ዘጋው። ይህ በጥር ነበረ። ክረምት ገብቶ ነሐሴ ሳይጋመስ በዚያው በተገፈፈው ስፍራ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ሁለት መንገድ ተቆርጦ ተገኘ፤ ልባሱ ያልተነካው የቀረው ሰሌዳ ግን እንደ አዲስ ነበረ።

የልባሱን ወገን ስለ ማወቅ

ጸሐፊ ከቀለሙ ጋራ የሚያዋሕደው የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟል፤ ሰም ግን በውሃ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ አይሟሟም፥ ሙቀት ሲያገኘው ግን ወዲያው ይለሰልሳል። የሰሌዳም ልባስ እንዲሁ የሚሸነፍበት ነገር በየወገኑ ልዩ ልዩ ነው። በሥራ ላይ የሚገኙት ዋናዎቹ ወገኖች አምስት ናቸው፤ አክሪሊክ፥ ፖሊዩረቴን፥ ኢፖክሲ፥ ሲሊኮንና ፓሪሊን ይባላሉ። የአክሪሊክ፥ የፖሊዩረቴንና የኢፖክሲ ልባስ ውፍረት ከ0.03 እስከ 0.13 ሚሊሜትር እንዲሆን ተወስኗል፤ ሲሊኮን ከ0.05 እስከ 0.21 ይደርሳል፤ ፓሪሊን ግን ከሁሉ ይሳሳል፥ ከ0.01 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከእነዚህ ሌላ ሣጥኗን እስከ አፏ በሙጫ የሚሞሉ ሠሪዎች አሉ፤ ስለዚያ ወደ ኋላ እንናገራለን።

ጸሐፊ ብራና ከመፋቁ አስቀድሞ ቆዳውን በጣቱ ዳስሶ፥ በፀሐይ አንጻር ይዞ ይመለከተዋል። የሰሌዳ ጠጋኝም ከመንካቱ በፊት ማየት ይገባዋል። ብዙ ሠሪዎች በልባሳቸው ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመቱት ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ቀለም ይጨምራሉ። ነጋዴዎች ሐሰተኛ የብር ኖት ለመለየት የሚይዙት ትንሽ መብራት ለዚህ ይበቃል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሲያበሩበት ልባሱ የደረሰበትና ሠሪው አውቆ ራቁቱን የተወው ስፍራ ተለይቶ ይታያል። ይህንንም በወረቀት ላይ መሣል ያስፈልጋል፤ በኋላ መልሰን ስንቀባ ይጠቅመናልና። ብርሃኑ ዓይንን ስለሚጎዳ ወደ ፊት አይመለስ።

ቀጥሎ አንድ የተሾለ የእንጨት ስንጥር ይዞ በሰሌዳው ጥግ፥ ዕቃ በሌለበት ስፍራ፥ ቀስ ብሎ መጫን ነው። እንደ ጎማ ሰጥቶ የሚመለስ ከሆነ ሲሊኮን ነው። እንደ ጥፍር ቀለም የደረቀና ሲፍቁት በቀጭኑ የሚቀረፍ ከሆነ አክሪሊክ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚሳብ ከሆነ ፖሊዩረቴን ወደ መሆኑ ያዘነብላል። ስንጥሩን የሚሰብር፥ እንደ ድንጋይ የሆነ ኢፖክሲ ነው። ዓይን የማያየው፥ በምላጭ ጫፍ ሲነሣ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ የሚላጥ ፓሪሊን ነው።

ከዚህ በኋላ የአልኮል ፈተና ይመጣል። በዚያው ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል አኑሮ ሁለት ደቂቃ ያህል መጠበቅ፥ ከዚያም በስንጥሩ መንካት ነው። የሚጣበቅ ከሆነ አክሪሊክ መሆኑ ተረጋገጠ። ካልተጣበቀ በአሴቶን ጠብታ ይደገማል፤ ለአልኮል የማይታዘዝ አክሪሊክ ለአሴቶን ይታዘዛልና። ለሁለቱም ያልታዘዘ ልባስ ከሌሎቹ ወገኖች ነው፤ ፖሊዩረቴን ግን በአሴቶን ቀስ ብሎ የሚያብጥ እንዳለ ልብ አድርጉ።

ስለ አልኮሉ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠው 70 ከመቶ የሆነው አልኮል የቀረው ክፍሉ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ደካማ ነው፥ ውሃውም ይቀራል። የሚሻለው 99 ከመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከ2020 የፈረንጅ ዓመት ወረርሽኝ ወዲህ በየቤቱ የተለመደው የእጅ ማጽጃ ግን እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ስለሚገባበት በሰሌዳ ላይ የቅባት ነገር ይተዋል። አረቄም ውሃው ብዙ ነው፤ አንዳንድ ሰው ይሞክረዋል፥ እኔ ግን ለሰሌዳውም ለአረቄውም አዝናለሁ። ላምባና ቤንዚን ከቶ አይቅረቡ፤ ልባሱን እንደሚገባ አይገፉም፥ ቅባትና እሳት ግን ያመጣሉ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

በመጀመሪያ የፓነሉ ሽቦ ይነቀል፤ ቀጥሎ የመብራቱ፤ በመጨረሻ የባትሪው። ተቆጣጣሪዋ የምትደገፈው በባትሪው ስለ ሆነ እርሱ ቀድሞ የተነቀለባት እንደ ሆነ የፓነሉ ጉልበት ሳይገታ ሊያርፍባትና ሊጎዳት ይችላል። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ፓነል ሸክም በሌለበት ጊዜ 21 ወይም 22 ቮልት ያህል እንደሚያወጣ ይታወቅ። ፀሐይ ሳለች ፓነሉን ማጥፋት አይቻልም፤ ስለዚህ የሽቦው ሁለት ጫፎች ለየብቻ ይጠቅለሉ። ባትሪውን የሚነካ ሰው ቀለበቱንና የብረት ሰዓቱን ያውልቅ፤ በብረት የተገናኙ የባትሪ ጫፎች የሚያወጡት ኀይል ቀለበትን በጣት ላይ እስኪያግል ድረስ ብርቱ ነውና።

ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ሽቦው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኀይል ይዞ ይቆያል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በመልቲሜትር መመርመር ያስፈልጋል። የባትሪን ኀይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ግን ከዚህ ትምህርት ውጭ ነው። በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ የሚቆይ ካፓሲተር ሊኖር ስለሚችል፥ በትምህርት ቤት የሚከፈት ዕቃ አይደለም።

የታመመውን ዕቃ ለማወቅ መጀመሪያ ልባሱን መግፈፍ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የመልቲሜትሩን ጫፍ በልባሱ ላይ አሳርፎ ቁጥር ባላየ ጊዜ «መንገዱ ተቆርጧል» ብሎ ይፈርዳል፤ የተቆረጠ ነገር ግን የለም፥ ልባሱ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው። የመርፌ ስለት ያለው ጫፍ ልባሱን ወግቶ ወደ ብየዳው ይደርሳል፥ የሚተወውም ቀዳዳ ጥቂት ነው። በተቆጣጣሪ ውስጥ አዘውትረው የሚሞቱት ፊውዙ፥ መብረቅና የተገለበጠ ሽቦ የሚጎዳቸው ኀይል አሳላፊ ትራንዚስተሮች፥ ሙቀት የሚያደርቀው ካፓሲተር ናቸው። ካፓሲተር ራሱ ካበጠ ምስክር አያስፈልገውም።

ስለ አገፋፈፉ

አክሪሊክ። ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፤ ቢሆንም አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በዚሁ ላይ ነው፥ ቀላል ስለ ሆነ ሰው ይቸኩላልና። የታመመው ዕቃ ከተለየ በኋላ በዙሪያው ሦስት ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ስፍራ ተትቶ ድንበሩ ሙቀት በሚችል ስስ ፕላስተር ይከለል። ትንሽ ጥጥ በአልኮል ነክሮ በስፍራው ላይ ማኖር፥ አልኮሉም እንዳይተን በቁራጭ የብር ወረቀት መሸፈን፥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መተው። ልባሱ በለሰለሰ ጊዜ በእንጨት ስንጥር ወደ አንድ ወገን ብቻ መጥረግ ነው። የቆሸሸው ጥጥ ይጣል፤ ተመልሶ ወደ ጠርሙሱ አይነከር። ምክንያቱም የሟሟው ልባስ አልጠፋም፥ በአልኮሉ ውስጥ አለ፤ አልኮሉ በተነነ ጊዜ ባረፈበት ስፍራ ሁሉ ዳግመኛ ልባስ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው ሰሌዳን በሞላው በአልኮል ማጠብ የሚከለከለው፤ የሟሟው ሙጫ ሽቦ ወደሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ገብቶ ይደርቅና ብረት ከብረት እንዳይነካ ያደርጋል። ያን ጊዜ ጠጋኙ አንድ በሽታ ፈውሶ አምስት ይተክላል።

አሴቶን ያስፈለገ እንደ ሆነ በጥቂቱ ይሁን፤ የሣጥኗን ክዳንና የሽቦ ማያያዣዎቹን ፕላስቲክ ያሟሟልና። አስተማሪው ይህን ለትልልቅ ተማሪዎች ለማሳየት ቢፈልግ ከተጣለ ራዲዮ የወጣ ሰሌዳ ወስዶ ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ይቀባውና ሌሊቱን ያሳድረው፤ በማግሥቱ ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ሆኖ በአሴቶንና በጥጥ ያስገፍፋቸው። ተማሪ የሚሳሳተው በሞተ ሰሌዳ ላይ ይሁን።

ሲሊኮን። ለአልኮል አይታዘዝም፤ ለእጅ ግን ይታዘዛል። የሚገፈፈውን ስፍራ ዙሪያ በምላጭ ጫፍ እጅግ በቀስታ መቁረጥ፥ ከዚያ በእንጨት ጫፍ አንሥቶ በወረንጦ መላጥ ነው። ምላጩ ወደ መዳቡ አይድረስ፤ 0.035 ሚሊሜትር የሆነ መንገድ በአንድ ጭረት ይቆረጣል። የቀረውን ፍርፋሪ በጣት ጫፍ እያሹ ማንከባለል ይቻላል። በሲሊኮን ርዝራዥ ላይ የብየዳው ቆርቆሮ አይዝም፥ ሌላም ወገን ልባስ አይቀመጥበትም፤ ስለዚህ ሲሊኮን የነበረበት ስፍራ ዳግመኛ ሲሊኮን ነው የሚቀባው።

ፖሊዩረቴን። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እጅ የማይችለው፥ ነገር ግን ሽታና ጢስ የማያወጣ ሙቅ አየር ሲነፍሱበት ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ በእንጨት ጥቂት በጥቂት መፋቅ ነው። የብየዳውን ብረት በላዩ አድርጎ ማቃጠል በየሱቁ የተለመደ ነው፤ ያስኬዳልም፥ ነገር ግን አልመክርም። ፖሊዩረቴን በጀርመን አገር ኦቶ ባየር በ1937 የፈረንጅ ዓመት ያስገኘው ነገር ነው፤ የሚሠራው አይሶሳያኔት ከሚባል ቅመም ሲሆን፥ ሲቃጠል ይኸው ቅመም ከጢሱ ጋራ ይመለሳል። እርሱም በሠራተኞች ላይ አስም ከሚያስነሡት ነገሮች በግንባር ቀደም የሚቈጠር ነው። አንድ ጊዜ የተነሣበት ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል።

ኢፖክሲ። ልባሱና ሰሌዳው አንድ ዘመድ ናቸው፤ ልባሱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ሰሌዳውንም ይበላል። ስለዚህ በፈሳሽ የሚሆን ነገር የለም። ሞቅ አድርጎ መፋቅ ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ራሱ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ስለሚጀምር ግን ሙቀቱ በመጠን ይሁን። ብራና የሚፍቅ ጸሐፊ ቀለሙ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ጨምሮ ቢፍቅ ቀዳዳ ያገኛል፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ፓሪሊን። ሚካኤል ሽቫርስ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በ1947 የፈረንጅ ዓመት ያገኘው ነው። እንደ ቀለም አይቀባም፤ እንፋሎት ሆኖ በሰሌዳው ላይ ያርፋል፥ በማይታዩ ስንጥቆች ሁሉ ይገባል። የተለመዱት ፈሳሾች አያሟሙትም፤ ትልልቅ የጥገና ቤቶች እጅግ የላመ ዱቄት በአየር ኀይል እየነፉበት ይፍቁታል። በርካሽ ዕቃ ላይ አይገኝም፤ ከተገኘም ይተው።

በሙጫ የተሞላችው ሣጥን ግን ሌላ ነገር ናት። የጠላ ጋን አፉ በምርጊት በታተመ ጊዜ የሚከፍተው ሰው ምርጊቱን ይሰብራል እንጂ ጋኑን አይሰብርም፤ የጋኑ አፍ ከየት እንደ ሆነ ያውቃልና። በጥቁር ሙጫ ውስጥ የተቀበረ ሰሌዳ ግን ዕቃው ከየት እንዳለ አይታይም። ሙጫው ለስላሳ ጎማ የሆነ እንደ ሆነ እንደ ሲሊኮኑ እየቆረጡ መቆፈር ይቻላል። ጠንካራ ኢፖክሲ ከሆነ አሥር ሰዓት ደክመው የሚያገኙት የተሰበሩ ዕቃዎች ክምር ነው፤ ገንዘቡን ለአዲስ ማዋል ይሻላል።

ስለ እስትንፋስና ስለ እሳት

አልኮል በ12 ዲግሪ፥ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ እሳት የሚይዝ እንፋሎት ያወጣሉ። ስለዚህ ሥራው ኩራዝ፥ ምድጃና ሲጋራ በሌለበት፥ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሁን። ጥጡ የተነከረበት አልኮል ፈጽሞ ሳይተን የጋለ የብየዳ ብረት አይቅረብ። የተጣለውም ጥጥ በክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይከማች እንጂ ሕፃናት በሚጫወቱበት አይበተን።

ከሁሉ የከፋው ግን ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ነው። የቀለም ማንሻ ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች ውስጥ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባለው ያለባቸው አሉ። ይህ ፈሳሽ ልባስን በፍጥነት ያነሣል፤ ሰሌዳውንም ይበላል፤ በሰው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ደግሞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ ማለት ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ወደሚገድለው ጋዝ፥ ይለወጣል። በተዘጋ ክፍል የሠሩበት ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 የፈረንጅ ዓመት አብዛኛውን አገልግሎቱን ከልክሏል። ለአንድ ተቆጣጣሪ ተብሎ የሚነካ ነገር አይደለም።

ዕቃውን ስለ መለወጥና ስለ ማልበስ

ዕቃው ከመነቀሉ በፊት በእግሮቹ በሁለቱም የሰሌዳ ፊት ያለው ልባስ መነሣቱ ይረጋገጥ። ከሥር የቀረ ልባስ እግሩን ስለሚይዘው፥ ቆርቆሮው ቀልጦ ሳለ ዕቃውን ሲስቡት የመዳቡ ክብ ተላቆ አብሮ ይመጣል። እርሳስ ያለበት የተለመደው የብየዳ ቆርቆሮ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለበት ግን 217 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። የብረቱ ጫፍ በአንድ ስፍራ ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆይ፤ ካልቀለጠ አንሥቶ ማቀዝቀዝና መድገም ነው። እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

አዲሱ ካፓሲተር የማይክሮፋራዱ ቁጥር ከቀድሞው ጋራ አንድ ይሁን፤ የቮልቱ ቁጥር እኩል ወይም በላይ ይሁን እንጂ ከቶ አይነስ። 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈበት 85 ከሚለው ይመረጣል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የዚህ ዕቃ ዕድሜ እጥፍ ያህል ይረዝማልና። በጎኑ ያለው የነጌቲቭ ምልክት ከቀድሞው አቀማመጥ ጋራ ይመሳከር። ትራንዚስተር ከሆነ በጀርባው የተጻፈው ቁጥር በአጉሊ መነጽር ይነበብና ያው ቁጥር ይፈለግ።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ስፍራው በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፤ ከብየዳው የቀረው ቅባት በአዲሱ ልባስ ሥር ከታሰረ መዳቡን ከውስጥ ይበላዋልና። በጣት ሳይነካ ፈጽሞ ይድረቅ፤ በደመና ቀን የተሠራ እንደ ሆነ ሞቅ ባለ ስፍራ ይዋል። ከዚያ በኋላ ልባሱ ይቀባል። የቀድሞው አክሪሊክ ከሆነ አክሪሊክ፥ ሲሊኮን ከሆነ ሲሊኮን። ፖሊዩረቴንና ኢፖክሲ የነበረበት ትንሽ ስፍራ በአክሪሊክ ቢሸፈን ለትምህርት ቤት ሥራ ይበቃል፤ ንጹሕ ይሁን እንጂ። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመር። አዲሱ ልባስ በቀድሞው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይረፍ፥ በመካከላቸው ራቁት ስፍራ እንዳይኖር። ሽቦ የሚሰካባቸው ስፍራዎች፥ የሚጫኑ አዝራሮች፥ የሚዞሩ ብሎኖችና ሙቀት የሚያወጣው የብረት ፊት አይቀቡም፤ ቀድሞ በወረቀት ላይ የሣልነው ሥዕል አሁን ይጠቅማል።

የጥፍር ቀለም በልባስ ፋንታ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ለተማሪዎች ማስተማሪያ ይሆናል እንጂ ለተቆጣጣሪ አይሆንም፤ ሙቀት ሲመላለስበት ይሰነጠቃል፥ በስንጥቁም ውሃ ይገባል።

በመጨረሻ ሰሌዳው በአልትራቫዮሌቱ መብራት ይታይ፤ ጨለማ ሆኖ የቀረ ስፍራ ካለ፥ ልባሱም የሚያበራ ወገን ከሆነ፥ በብሩሽ ይሞላ። ልባሱ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈለትን ሰዓት ያህል ከደረቀ በኋላ ክዳኑ ይዘጋ። መጀመሪያ ባትሪው በፊውዝ በኩል ይያያዝ፤ ቀጥሎ ፓነሉ፤ በመጨረሻ መብራቱ። ከዚያም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀኑ፥ የተለወጠው ዕቃ ቁጥር፥ የቀድሞው ልባስ ወገንና አሁን የተቀባው በማይለቅ ቀለም ተጽፎ ከክዳኑ በውስጥ በኩል ይለጠፍ፤ መስከረም ሲጠባም ክዳኑ ተከፍቶ የተቀባው ስፍራ ይታይ።